በባዶ የተሳበው ቃታ

ጠመንጃ ጠጋኙ በገዛ ወርክሾፑ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ደረቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ፣ ከጎኑ አንዲት የኢላማ ጠመንጃ። መርማሪዋ ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ነበር። አንድ ሰው ሬሳ ባየ ቁጥር ዳኛ መሆን የሚያምረው ለምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው! የሟች ሚስት በካቴና ታስራ በሩ አጠገብ ቆማለች። ጥፋቷ፣ ትናንት ጠመንጃዋን ሞክራ ጥይት ረስታባታለች የሚል ነው።

«አውጥቻለሁ፤ በጣቴም ነክቼ አረጋግጫለሁ» አለች።

የሟች ታናሽ ወንድም፣ የተኩስ ክለቡ አሠልጣኝ፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። «እትዬን አልከስም። ግን ያየሁትን ልናገር። ጠዋት በመስኮቱ ሳልፍ ወንድሜ በባዶ ቃታ ይስብ ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ አፈሙዟን ወደ ራሱ አዙሮ ሲያያት፣ ዷ!»

«ስንት ጊዜ ሳባት?» አለች መርማሪዋ።

«ሃምሳ ቢሆን ነው።»

«ከወንድምዎ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ ወንድም።»

የጥይት ግምጃ ቤቱ ጠባቂ፣ ሁሉም «ቆቁ» የሚሉት፣ ከት ብሎ ሳቀ። «እንደ ድመትና አይጥ በል እንጂ! ይሄ አንዱን ሠልጣኝ ‹ባዶ ነው› እያለ ደግኖ ሲቀልድበት ሟች ስለደረሰበት የአሠልጣኝነት ፈቃዱን ሊያስነጥቀው ደብዳቤ ጽፎ ነበር።»

«አንተ ምላሰኛ፣ ዝም በል!» አለ አሠልጣኙ።

«ዛሬ ጥይት የወሰደ አለ?» አለች መርማሪዋ።

«እሱ ብቻ» አለ ቆቁ ወደ አሠልጣኙ እየጠቆመ። «የትንሿን የኢላማ ጠመንጃ ጥይት ነው የወሰደው። በትልቁ ጠመንጃ እያሠለጠነ ምን ሊያደርግለት ብዬ ገርሞኛል።»

መርማሪዋ ከሟች ጎን የተገኘችውን ጠመንጃ መቀርቀሪያ ከፍታ በባትሪ ውስጡን አየች። «በርሜሏ አዲስ ነው?»

«ትናንት ነው የቀየረላት» አለች ሚስትየዋ። «ለዚያ ነው የሞከርኳት።»

መርማሪዋ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመች። ከመደርደሪያው የዚያኑ ዓይነት ጠመንጃ፣ ገና ያልተተኮሰባት፣ አውርዳ ባዶ መሆኗን አረጋገጠች፤ ጥግ ላይ ወዳለው አሸዋ የተሞላ በርሜል ደግናም ቃታዋን አሥር ጊዜ ሳበች።

«አሁን እዩ። በትልቁ ጠመንጃ የመምቻው መርፌ የሚወጋው የጥይቱን መሐል ነው፤ ጥይት ከሌለ አየር ይወጋል። በእነዚህ ትንንሾቹ ግን የጥይቱን ጠርዝ ነው የሚመታው። ጥይት ከሌለ ብረቱ ላይ ያርፋል። ይኸው፣ የጥይት ማስቀመጫው ከንፈር ሰርጉዷል።»

«ባዶ መሳብ መሣሪያ አይጎዳም!» ጮኸ አሠልጣኙ። «አሥር ዓመት ይህንኑ አስተምሬያለሁ!»

«የእርስዎን ትልቁን አይጎዳም፤ ልክ ነዎት። ይችን ግን በአሥር ምት ጎድቷታል። ሟች ሃምሳ ጊዜ ሳባት ያሏት ደግሞ ጭረት እንኳ የላትም። ደግሞስ መቀርቀሪያዋ ለእያንዳንዱ ምት ይከፈታል። የተረሳ ጥይት ቢኖር በመጀመሪያው ይፈነዳ ነበር፤ ለሃምሳኛው ማን አቆየው?»

አሠልጣኙ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ደብዳቤውን እንዲቀድ ላስፈራራው ብዬ ነው… ባዶ መስላኝ ነበር።»

«ባዶማ ነበረች። እሷ ባዶ አድርጋ ነው ያስቀመጠቻት። ያጎረስካት አንተ ነህ።» መርማሪዋ «አንተ» ያለችው አሁን ገና ነበር።

ፖሊሱ ካቴናውን ከሴትየዋ እጅ ፈታ።

«እትዬ…» አለ አሠልጣኙ።

የታሰረችበትን አንጓ እያሻሸች አየችው። «ማንን ነው እትዬ የምትለው?» አለችው።