ገና አየር ላይ ነን ያለኝ ሰው

ይህ በእኔ በሙዌኒ ላይ የደረሰ ነው። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ስለዋለች ቃዥታ ነው የሚል ካለ... ይበል። ያየሁትን አልሸራርፍም።

እሑድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ናይሮቢ፣ ኤምባካሲ፣ አምስተኛ ፎቅ።

ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። ጎረቤት ልብስ ያሰጣል። እኔ መኝታ ቤታችን ጥግ፣ በኮምፒውተር ማብረር የምለማመድበት የበረራ ሲሙሌተሬ ላይ ተቀምጫለሁ።

በማግስቱ የአብራሪነት ፈተና አለብኝ። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ይህ የመጨረሻዬ ነው።

ባሌ ሙስዮካ በበሩ ብቅ አለ።

"ካፒቴን፣ የምሳሽ ኡጋሊ ቀዝቅዞ ድንጋይ ሆነ እኮ!"

"ሳላሳርፍ አልነሳም!"

እየሳቀ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

የሞተር መቆጣጠሪያዬ እውነተኛ ነው። ምዜ ባራሳ የሚባሉ ጡረተኛ መካኒክ ከተፈታታ አሮጌ ጄት ላይ ነቅለው ሰጡኝ። ከሁለቱ ትልልቅ ዘንጎች ፊት ሁለት ትንንሽ እጀታዎች አሉት። ጎማው መሬት ሲነካ እነሱን ሳብ ታደርጋላችሁ። የሞተሩ ሽፋን ይንሸራተትና ወደ ኋላ ይወጣ የነበረው አየር ወደ ፊት ይተፋል። አውሮፕላኑን ፍሬን ይዞ እንዲቆም ያግዘዋል። ሪቨርስ እንለዋለን።

አየር ላይ ግን አይነካም።

አየር ላይ ከተከፈተ... አለቀ።

ሦስት ቀን ሙሉ ግራው እጀታ እምቢ አለኝ። ቀኙ ብቻ ሲከፈት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ ሣር ውስጥ እገባለሁ።

አውሮፕላኑን አቁሜ ስሞክረው ግን ያለ ምንም ችግር ይሳባል።

ቅዳሜ ምዜ ባራሳ ራሳቸው መጥተው ፈቱት።

"ልጄ፣ ምንም የለውም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚይዝብኝ?"

መፍቻቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

"ይህ የተነቀለበት አውሮፕላን በዝናብ አርፎ፣ ሳይቆም ከነተሳፋሪዎቹ ሐይቅ የገባ ነው። መልሺልኝ።"

"አልመልስም!"

እናም እሑድ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሲሙሌተሩ ሐይቅ ዳር ባለው የኪሱሙ አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ዝቅ አልኩ።

ከፍታ ሁለት መቶ ጫማ...

መቶ...

ማዳመጫዬ ውስጥ ሰው ተነፈሰ።

ሃምሳ...

ዝናብ መስኮት ሲደበድብ ሰማሁ። እኔ የመረጥኩት ጥርት ያለ ሰማይ ነው።

ጎማው ነካ። ሁለቱንም እጀታ ሳብኩ። ቀኙ ተከፈተ። ግራው...

ከጣቶቼ ሥር ሌሎች ጣቶች አሉ።

እርጥብ። ቀዝቃዛ።

"አትንኪው..." አለኝ የወንድ ድምፅ። "ገና አየር ላይ ነን።"

ተነስቼ ልሮጥ ነበር።

ከዚያ ተናደድኩ። ሁለት ጊዜ ፈታኞቹ ጣሉኝ፤ አሁን ደግሞ የሞተ ሰው ይጣለኝ?

"መሬት ላይ ነን!" አልኩት።

"አልነካም... ጎማው አልነካም..."

"ነክቷል! ያሳረፍኩት እኔ ነኝ! ልቀቅ!"

አፍንጫው መጠምዘዝ ጀመረ። በእግሬ መሪውን ረግጬ ያዝኩት። ማኮብኮቢያው እያለቀ ነው። ከፊቴ ሐይቁ ብቻ...

"እርግጠኛ ነሽ?" አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

"እርግጠኛ ነኝ።"

ጣቶቹ አንድ በአንድ ተነሱ።

ግራው ተከፈተ። ሁለቱም ሞተሮች አጓሩ፤ ጠረጴዛው ተርገፈገፈ። ፍጥነቱ ስልሳ ኖት ሲደርስ እጀታዎቹን መለስኩ።

ቆመ።

በማግስቱ ፈተናውን አለፍኩ። መቆጣጠሪያውም እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የምፈራውም እሱን አይደለም።

ያን ዕለት አውሮፕላኑ እንደቆመ ማዳመጫውን አወለቅኩ። ከውጭ፣ ከደረጃው፣ የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል። ሻንጣ ይጎተታል። ሕፃን ያለቅሳል።

ሙስዮካ የውጭውን በር ከፈተ።

"ሙዌኒ..." አለ በሹክሹክታ። "ነይ እስቲ።"

ሄድኩ። ደረጃው ላይ ማንም የለም።

የእርጥብ ጫማ ዱካ ብቻ... የትልቅ፣ የትንሽ፣ አንድ ባዶ እግር... ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል።

ሁሉም የሚጀምረው ከእኛ በር፣ ከውስጥ ነው።