ብርሃን ቆጣሪዋ ዝም ያለች ቀን

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። የምሠራበት ላቦራቶሪ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ አለቃዬ ደግሞ የገዛ ታላቅ ወንድሜ... ወንድም ጋሼ።

ሥራችን ብርሃን መቁጠር ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ በሌዘር ደካማ ብልጭታ እንልካለን፤ መሣሪያዋ የብርሃኑን ቅንጣት፣ ፎቶኑን፣ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ወንድም ጋሼ "ይቺ ቆጣሪ ሳትሆን ቋጣሪ ናት" እያለ ያስቀኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሌዘሩ ቢጠፋ እንኳ ዜሮ አትልም። ከራሷ ሙቀት የተነሳ አልፎ አልፎ ጠቅ... ጠቅ... ትላለች።

ያን ቀን ዝም አለች።

ሌዘሩ በርቷል... ከጨለማው ክፍል በር ውጭ ያለው ስክሪን ግን ዜሮ።

"ገመዱ ተነቅሎ ይሆናል" አለና ወንድም ጋሼ ወደ ጨለማው ክፍል ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋው። ባትሪ በኪሱ ነበር፤ ግን ብርሃኑ መሣሪያዋን ስለሚያቃጥላት ውስጥ የሚሠራው በዳበሳ ነው።

ትንሽ ቆየ።

"እህት ዓለም..." አለ ከውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አቤት?"

"ባትሪውን አብርቼዋለሁ።"

"ምን ነካህ! ትቃጠላለች እኮ!"

"መስታወቱ እጄ ላይ ይግላል... እጄ ግን አይታየኝም።"

ስክሪኑን አየሁ። ዜሮ።



"ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!"

"በሩ በየት ነው?"

ክፍሏ እኮ አልጋ አታስዘረጋም!

"ድምፄን ተከተል!"

"ድምፅሽ... ሩቅ ነው።"

የእሱም እየራቀ ነበር። ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው።

መሣሪያዋ ገደል ትግባ ብዬ በሩን በረገድኩት።

የኮሪደሩ መብራት የበሩ ደፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም።

እጄን ሰደድኩ። እስከ ክርኔ ድረስ ጠፋብኝ... ቀዝቃዛ ነበር። ደባበስኩ፣ እጅጌውን አገኘሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት።

ወጣ።

እሱ ሲወጣ ክፍሉ ወለል ብሎ ታየ። ጠረጴዛው፣ ሌዘሩ... ያልተነቀለው ገመድ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይምዘገዘግ ጀመር።

"ወንድም ጋሼ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። ንፋስ ልቀበል።"

ደግፌው ግቢ ወጣን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ዛፉ ሥር ቆመና ሽቅብ አንጋጠጠ።

"ደግሞ መቼ መሸ?"

"ቀልድህን ተው" አልኩት፤ ለመሳቅ ሞከርኩ።

አልሳቀም።

ከላያችን ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች በአንዴ ጸጥ አሉ። ከጣሪያው፣ ከአጥሩ፣ ከመብራት ሽቦው ሌሎችም እየበረሩ መጡ። በጠራራ ፀሐይ... ከወንድሜ ራስ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ተጠጋግተው ተደረደሩ...

አንድ በአንድ አንገታቸውን ክንፋቸው ሥር እየቀበሩ ተኙ።