ከኛ ወጥ ቤት የወጣው ገጀራ

ምቡዪ ማንኪያዋን አፏ ሳታደርስ ቀረች። ስልኳ ላይ የጎረቤታቸው ልጅ ካዛዲ ሸሚዙን ተገፎ፣ እጁን ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ገጀራ ተጋድሟል። «ሌላ ኩሉና እጅ ከፍንጅ ተያዘ» ይላል የጋዜጠኛው አጎቷ የቺባንጉ ድምፅ። ኩሉና የገጀራ ወሮበላ ነው፤ ኪንሻሳ ውስጥ ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈብህ አለቀልህ።

ካዛዲ ደግሞ እንኳን ሰው ሊዘርፍ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ «ፈሪው» እያሉ ያበሽቁታል።

ምቡዪን ክው ያደረጋት ግን እጀታው ነው። ሸንኮራ ስትቆርጥ መዳፏን ስለላጣት ቀዩን ላስቲክ የጠቀለለችበት እሷው ራሷ ናት። ጠዋት ወጥ ቤት ፈልጋ ያጣችው ገጀራ ይሄው።

«እትዬ ንጋሉላ፣ ይሄ የኛ አይደለም እንዴ?» ስትል ስልኩን ለአጎቷ ሚስት አሳየቻት።

ንጋሉላ በጨረፍታ አይታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። «ገጀራ ሁሉ አንድ ነው። ምግብሽን ብዪ።» ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

ቺባንጉ አመሻሹ ላይ ለስላሳ መጠጥ ይዞ መጣ። ይህ ሰው ተቆጥቶ አያውቅም፤ የወንጀል ዜና ሲሠራ ሬሳ አጠገብ ቆሞ እንኳን ፈገግታው አይጠፋም። ሰው ሁሉ «ደግ ነው» ይለዋል። ምቡዪም እስከዛሬ ትለው ነበር።

«የኔ ጎበዝ፣ ዛሬ ታግዢኛለሽ። ‘ካዛዲን ገጀራ ይዞ አይቼዋለሁ፣ ፈርቼ ነበር።’ በቃ፣ ይኼው ነው። ጀርባሽን ብቻ ነው የማሳየው። በቀጥታ ይተላለፋል፤ ሰው ቀጥታ ሲሆን ያምናል።»

«ጋሼ… ገጀራው ግን…»

«ገጀራው ምን ሆነ?» ድምፁ ከፍ አላለም። «ፖሊሶች ሲይዙት ባዶ እጁን ነበር። ባዶ እጅ ማን ያያል? እኔ ምስሉን ነው ያሟላሁት።»

«ኩሉና ካልሆነስ?»

«ነገ ጠዋት ወደ ሩቅ እስር ቤት ይጭኑታል። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቃል?» ፀጉሯን ዳበስ አደረጋት። «ደሞ ምቡዪ፣ የኩሉና ጓደኛ የሆነች ልጅም ጥሩ ዜና ይወጣታል። አይደል?»

ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ የላትም።

ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጎ አስቀመጣት። ስልኩን ከኋላዋ ማቆሚያው ላይ ተከለው፣ መብራቱን በእጁ ያዘ። ከግድግዳው ማዶ የካዛዲ እናት ለቅሶ ይሰማል። ዛሬ ሚካቴዋን፣ ያን ድቡልቡል ብስኩት፣ ጠብሳ ለመሸጥ አልወጣችም። ምቡዪ ፈራች። ከተናገረች ዛሬ የት ታድራለች? ዝም ካለች ደግሞ ካዛዲ ነገ የለም።

«እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ» አለ ቺባንጉ፣ ድምፁን የሐዘንተኛ አስመስሎ። «አንዲት የሰፈሩ ልጅ አብራን አለች። ለደኅንነቷ ስንል ፊቷን አናሳይም። እሺ እህቴ፣ ያየሽውን ንገሪን።»

«ካዛዲን አውቀዋለሁ» አለች።

«እህ፣ በርቺ።»

ምቡዪ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ዞረች። መብራቱ ዓይኗን ወጋት። ከመብራቱ ጀርባ ቺባንጉ አሁንም ፈገግ እንዳለ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። ሰው እየሰማ ሊቆጣት አይችልም።

«ምቡዪ እባላለሁ» አለች። «ገጀራው ከኛ ቤት የወጣ ነው።»

የቺባንጉ እጅ ወደ ስልኩ ተዘረጋ። እሷም «ካዛዲ ፊት ያስቀመጠው አጎቴ ነው» እስክትል ድረስ አላቆመችም።