ኤባ የት ነበረች?

ሬሳው ድምፅ በማያስገባው ክፍል ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ሲግቫርድ ሀልበርግ እናቶች ሕፃናትን እንዴት እንደሚያናግሩ የሚያጠናው ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበር። ጭንቅላቱን የተመታው በማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት ነው። በግራ እጁ ቁጥር የሞላበት ወረቀት ጨብጧል፤ ሁለት ረድፎች በቀይ እርሳስ ተከበዋል። መጀመሪያ ያገኘችው ከጥናቱ እናቶች አንዷ የሆነችው ስቪያ ናት። ላንሣው ስትል እጅጌዋ በደም ተነከረ፤ ጩኸቷን ሰምተው የደረሱትም እንደዚያው ሆና አገኟት።

አሁን መተላለፊያው ላይ ተቀምጣለች። ከግድግዳው ባሻገር የሰባት ወር ልጇ ኤባ ታለቅሳለች። ሎቪሳ የተባለች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይዛታለች፤ ስቪያ ከታሰረች ሎቪሳ ልጅቷን ይዛት ትሄዳለች። ስቪያ እናት አባት የላትም፤ የኤባም አባት ዞር ብሎ አላያቸውም። ልጇ ዛሬ ከዚህ ሕንጻ ከወጣች እንደማትመለስላት ልቧ ነግሯታል።

መርማሪዋ ጉንቮር ስቶል አጠገቧ ዘፍ አለች። ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ ከላይኛው ከንፈሯ ሥር ትንባሆ እንደወተፈች የምታወራ ሴት ናት።

«ሰውዬውን ትጠዪው ነበር?»

«አዎ።»

«ደግ፣ አልዋሸሽም። ለምን?»

ስቪያ እንባዋን እየዋጠች ነገረቻት። ቤተ ሙከራው በኤባ ሰደሪያ ውስጥ መቅረጫ ሰፍቶላት ነበር። እናት ለልጇ ስታወራ የትኛውን አናባቢ እንደምትስብ፣ የትኛውን ተነባቢ እንደምታጠብቅ ለመለካት ነው። መቅረጫው ግን ሌላውንም ይሰማል። አንድ ቅዳሜ ኤባን ታቅፋ «አልችልም፣ የኔ ሆድ፣ ከእንግዲህ አልችልም» እያለች ስታለቅስ ቀዳት። በሳምንቱ ለማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ጥቆማ ደረሰ።

«እንዴት ጨከንክብኝ ልለው ነው የመጣሁት።»

«ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል የት ነበርሽ?»

«ግቢ። ኤባ እንድትተኛ ጋሪዋን ወዲያ ወዲህ ስገፋ። ስትተኛልኝ በሩ ላይ ትቻት ገባሁ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም» አለች ስቪያ፤ ስትናገረው ለራሷም ውሸት መሰላት።

ምክትል ኃላፊዋ አግኔታ ቪክ በሩን ተደግፋ ትሰማ ኖሯል። «ምስኪን!» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ኤባ እኮ እኔ ጋ ነበረች። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሳጫውታት ቀድቼዋለሁ። ስጨርስ ጋሪዋ ውስጥ አስተኛኋት። እናቷ በዚያን ጊዜ የት እንደነበረች እሷ ታውቃለች።»

ቅጂውን ከፈተችው። የአግኔታ ድምፅ ቃላቱን እየለጠጠ ያባብላል፤ ሕፃን ትንተባተባለች፣ ትስቃለች። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከአራት እስከ አራት ተኩል ይላል።

«የልጅሽ ድምፅ ነው?» አለች ጉንቮር።

ስቪያ አይደለም ማለት ትችል ነበር። ያን ሳቅ ግን ልትክደው አንጀቷ አልቻለም። «የሷ ነው። ግን ግቢ ነበረች! እምልልሻለሁ፣ ከኔ ጋር ነበረች!»

አጠገባቸው የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። ጉንቮር በእጇ አስቆመችው። «ቆይ፣ አትቸኩል። ስቪያ፣ ከዚህ በፊት ወደዚህ አምጥተሻታል?»

«በየማክሰኞው። እኔ ፎርም ስሞላ እነሱ እያጫወቱ ይቀዷታል።»

ጉንቮር ተነሥታ ወደ ቶርኬል ሄደች። ቶርኬል የቤተ ሙከራው ለኪ ነው፤ ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት ሠላሳ ተማሪዎች ፊት ሲያስተምር ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሰከንድን ሺህ ቦታ ከፍዬ እቆጥራለሁ። ሚስቴ ይሄ ሥራ አይደለም ትላለች።» ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «በኛ ቋንቋ አናባቢው ከተሳበ ተነባቢው ይላላል፤ አናባቢው ካጠረ ተነባቢው ይጠብቃል። ለሕፃን ሲያወሩ ደግሞ ይበልጥ ይለጥጡታል። በስንት እንደሆነ እለካለሁ።»

«የዛሬውን ቅጂ ለካልኝ። የማክሰኞውንም። ሟቹ የያዘውንም ወረቀት እየው።»

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስቪያ በግድግዳው በኩል የኤባን ለቅሶ ስትሰማ ቆየች። ለቅሶው እየደከመ ሄዶ ሲቆም የባሰ ፈራች።

ስምንት ሰዓት ላይ ጉንቮር ሁሉንም ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ቶርኬል፣ ሰው አንድን ቃል ሁለቴ እኩል ሊስበው ይችላል?»

«አንድ ቃል? በአጋጣሚ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቃል? የማይመስል ነገር ነው። ሕፃን ፊት ደግሞ ጭራሽ። ስትስቅልሽ ትስቢዋለሽ፣ ፊቷን ስታዞር ታቋርጪዋለሽ።»

«ታዲያ የዛሬው ቅጂ?»

ቶርኬል አግኔታን ሊያያት አልደፈረም። «ከማክሰኞው ጋር አንድ ነው። እያንዳንዱ አናባቢ፣ እያንዳንዱ ተነባቢ፣ ዝምታው ሳይቀር።»

«የኮምፒዩተር ስህተት ነዋ!» አለች አግኔታ።

«ዛሬ ጠዋት ቀዳሁት ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ኮምፒዩተሩ አይደለም» አለች ጉንቮር። «ወረቀቱ ላይ የተከበቡት ረድፎች ካንቺ ጥናት የተወሰዱ ናቸው። ሁለት እናቶች ብለሻቸዋል፤ የአናባቢና የተነባቢያቸው ርዝመት ግን አንድ ነው። እናት ሲጎድልሽ የአንዷን ድምፅ ገልብጠሽ ሌላ ስም ሰጥተሽዋል። ሲግቫርድ ደረሰበት፤ ጠርቶ አሳየሽ፤ መታሽው። ከዚያ ደንግጠሽ የለመድሽውን አደረግሽ። የድሮውን ቅጂ ሰዓቱን ለውጠሽ አዲስ አልሽው። መለካት የቶርኬል ሥራ ስለሆነ ርዝመቱ እንደሚያጋልጥሽ አልታየሽም።»

አግኔታ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። «ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ሥራ እንደ ቆሻሻ ሊጥለው ነበር» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ጥቆማውንስ የጻፈው ማነው?» አለች ጉንቮር።

«እኔ። ሰምቼው ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ለሕፃኗ ፈራሁላት። ሲግቫርድ ግን ጥቆማው ይሰረዝ ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ነበር።»

ስቪያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትረግመው የከረመችው ሰው የተሟገተላት ሰው ነበር፤ አፈረች፣ አዘነችለትም።

አግኔታን ይዘዋት ሲወጡ ሎቪሳ ኤባን ታቅፋ ገባች። «ነፃ ነሽ፣ ስቪያ። ጥቆማው ግን አልተዘጋም፤ መጠየቅ አለብኝ። ልጅቷን ማሳደግ ትችያለሽ?»

ስቪያ «በደንብ እችላለሁ» የሚለውን መልስ አዘጋጅታ ነበር። አፏ እምቢ አላት።

«ብቻዬን አልችልም» አለች። «እንቅልፍ የለኝም፤ ለአንድ ሰዓት እንኳ የሚይዝልኝ ሰው የለኝም። አግዙኝ፣ ግን አትውሰዱብኝ። ከወሰዳችሁብኝ እሞታለሁ።»

ጉንቮር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሎቪሳ ኤባን አቀበለቻት።

«ሰኞ ጠዋት የምታግዝሽ ሴት ትመጣለች» አለች።

ስቪያ ልጇን ተቀብላ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ለመነሣት ብዙ ጊዜ ፈጀባት።