ስለት ያለው ስንጥቅ

«ወይኔ! ይሄም ሄደ!» አለች አሪያም።

የምድጃውን ክዳን አንስታ እንደያዘች ቀረች። አረንጓዴው የብርጭቆ ሳህን የሸክላ ፎርማው ላይ እንደተኛ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተከፍሏል። እሑድ ረፋድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው በቀጥታ ወደ ጓሮ የገባችው።

«ትናንት ጠዋት ነው የተሰነጠቀው» አለች ከኋላዋ የቆመችው ደብሪቱ። «ገና እየሞቀ ሳለ ‹ጧ› ሲል ሰምቻለሁ። ሙቀቱን በአንዴ ለቀቅሽበት መሰለኝ።»

አሪያም ክዳኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። እውነትም ቅዳሜ ለማጠናከሪያ ትምህርት ረፍዶባት ስለነበር ምድጃውን በጥድፊያ ነበር የለኮሰችው። ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው ደብሪቱ ናት። ደብሪቱ ከጉባ ላፍቶ ገጠር መጥታ ወልድያ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር የክፍሏ ልጅ ነች። የአሪያምን አባት እያገዘች በሚሰጣት ነው ኪራይዋንም ምግቧንም የምትችለው።

የአሪያም አባት ሀጎስ የመስኮት መስታወት ቆርጦ የሚገጥም ባለሙያ ነው። የሚተርፈውን ቁርጥራጭ መጣል ቢያንገበግበው አቅልጦ ዝርግ ማድረግ፣ ዝርጉንም ጎድጓዳ የሸክላ ፎርማ ላይ አስተኝቶ እንደገና እያሞቀ ሳህን ማውጣት ጀመረ። መርሳ ያለ አንድ ሆቴል ለማንጎና ለፓፓያ ማቅረቢያ የሚሆን አዞታል። ሥራው ግን ልብ የሚያደርቅ ሆነ። የመጀመሪያው ሳህን ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ተንጋደደ፤ ፎርማውን በውሃ ልክ አስተካከለው። ሌላው ፎርማው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ የሚቀባውን ነጭ አፈር አወፈረው። ከዚያ ደግሞ አንዱ ሲሞቅ ተሰነጠቀ። አሁን ይሄ።

አሪያም ስብርባሪውን ጠራርጋ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችው። አመሻሽ ላይ አባቷ መስታወት ሊገጥም ከሄደበት ከመርሳ ሲመለስ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ ነገረችው።

አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ጫማውን እያወለቀ «ቀስ በይ አላልኩሽም፣ አሪያምዬ?» ብቻ አለ፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ገብቶ ራት ሳይበላ ጋደም አለ። በማግስቱ መርሳ መሄዱን ትቶ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። አንዲት ትንሽ ዝርግ ለሙከራ አስገብቶ፣ ሙቀቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ በተቀመጠበት ሲያንቀላፋ ዋለ።

ሰኞ ከትምህርት መልስ አሪያም የማዳበሪያውን ስብርባሪ ለማቅለጫ ልትለይ ተቀመጠች። የፊዚክስ ፈተና ደርሶባታል፤ ዓይኖቿ እየተከደኑ ነው። እጇን ሰደድ ስታደርግ አረንጓዴው ስባሪ ጣቷን ሸረከታት።

ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ እየመጠጠች ስባሪውን አየችው። ጫፉ እንደ ምላጭ ነው። ከዚያ በፊት ሲሞቅ የተሰነጠቀውን ሳህን ቁራጭ ፈልጋ አወጣች። የዚያኛው ጫፍ ተልሶ እንደቀረ ከረሜላ ለስልሷል፤ አይቆርጥም። አባቷ ያን ጊዜ ያስረዳት ትዝ አላት፦ ሲሞቅ የተሰነጠቀ ብርጭቆ እሳቱ ጫፉን ያለሰልሰዋል፤ ሲበርድ የተሰነጠቀ ግን ስለቱ አይጠፋም።

ይሄኛው የተሰነጠቀው ሲበርድ ነው። ምድጃው ደግሞ እስከ እሑድ ድረስ ሳይነካ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ ክዳኑ ካልተከፈተ በድንገት አይበርድም።

ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ደብሪቱ ቤት ሄደች። ደብሪቱ በር ላይ ልብስ ታጥባለች።

«ቅዳሜ ክዳኑን ከፍተሽዋል» አለቻት ሰላምታ እንኳ ሳትሰጣት።

«ማን አለሽ?»

«ኧረ ባክሽ! አትሸውጂኝ።» ስባሪውን አሳየቻት።

ደብሪቱ የያዘችውን ልብስ የሳሙናው ውሃ ውስጥ ለቀቀችው። በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደ መጀመሪያው ተንሸራቶ ይሆን ብዬ ሰጋሁ» አለች። «ትንሽ ብቻ ነው ገለጥ ያደረግሁት። ወዲያው ጮኸ። ጋሼ ተስፋ ቆርጠው ሥራውን ቢተዉት እኔ ወዴት እሄዳለሁ? አገር ቤት ነው የምመለሰው።»

«እና እኔን አስወቀስሽኝ።»

«አንቺ ልጃቸው ነሽ። አያባርሩሽም።»

አሪያም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልትጮህባት ነበር የመጣችው፤ አቅም አጣች። ደብሪቱም ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«አባዬ የሌለ ጥፋት ሲያቃና እንቅልፍ አጥቷል» አለች በመጨረሻ። «ሲበርድ እንደተሰነጠቀ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ማን እንደከፈተው አንቺ ብትነግሪው ይሻላል። ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።»

ቤት ስትደርስ አባቷ ምድጃውን አጥፍቶ አጠገቡ ተቀምጧል። ስባሪውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ታዲያ ክዳኑ ተነስቶ ነበር ማለት ነው» አለ። «ማን አነሳው?»

አሪያም አፏን ልትከፍት ስትል የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ደብሪቱ ናት፤ እጇ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ ገና አልደረቀም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ሲሞቅ ነው ያልሁትም ውሸት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሀጎስ ስባሪውን አንድ ሁለቴ አገላበጠው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ያለ ጥፋትሽ ነው የተናገርኩሽ» አለ።

ተነስቶ የሱሪውን አቧራ አራገፈ። «ቅዳሜ እንደገና እናስገባለን። እኔ መርሳ ነኝ። ማን ይጠብቃል?»

ደብሪቱ መሬት መሬት አየች። አሪያም ጣቷ እየጠዘጠዛት ነው፤ ንዴቷም ገና አልወጣላትም።

«እኔና ደብሪቱ» አለች።

ሀጎስ ሁለቱንም አፈራርቆ አያቸው። ሊከራከር ፈልጎ የደከመው ይመስል ነበር።

«ይሁን» አለ። «የምድጃውን ጓንት ግን ይዤው እሄዳለሁ። የጋለ ክዳን በባዶ እጅ አይከፈትም።»

ደብሪቱ እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለች። አሪያም አልሳቀችም፤ የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ጠጋ ብላ ለደብሪቱ ቦታ ለቀቀችላት።