የዋሪስ ማንበቢያ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ንፋስ የራቀው ሐሩር በድሬዳዋ ላይ ተጋድሟል።

ኢዲል ቻርጅ አልይዝ ያላትን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ይዛ ታይዋን ገበያ ደረሰች። በአንድ የጥገና ሱቅ ደጃፍ፣ የስልክ ስክሪን በሚጨልምበት የቀትር ብርሃን፣ ባለሱቁ ዱዓሌ ዓይኑን ሳያጠብ ያነባል። የያዘው ማንበቢያ የእሷው መንታ ነው። ልባሱን አወቀችው፤ ከሽርጥ ቁራጭ በእጇ የሰፋችው።

የሰፋችው ለእጮኛዋ ለዋሪስ ነበር። ጅቡቲ ለሥራ ከመሄዱ በፊት፣ አንዳቸው ያሰመሩበት ዐረፍተ ነገር በሌላው ላይ እንዲታይ ሁለቱን ማንበቢያዎች በአንድ አካውንት አገናኟቸው። ከሄደ በኋላ ስልኩ ተዘጋ፤ ድምፁም ጠፋ። እሷም ስለ ከዳተኛና ስለ ፈሪ በተጻፈው ሁሉ ላይ በንዴት ታሰምር ጀመር። አንድ ቀን፣ እሷ ያላሰመረችው ዐረፍተ ነገር ተሰምሮበት አገኘች፦ «ባልመልስም እሰማሻለሁ።» ለዚያች መስመር ብላ ጠበቀች። ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን፣ እናቷ እየተቆጣች፣ መለሰች።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ገዝቼው ነው፣ ዋላል። ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ግቢ...»

«እህትህ አይደለሁም። ከማን?»

ከዋሪስ ነበር፤ ወደ ጅቡቲ በተሳፈረበት ዕለት የሸጠለት። የኢዲል ደም ፈላ።

«ታዲያ ያሰመርከው አንተ ነህ?»

ዱዓሌ አልካደም። የነበረበትን አጥፍቶ ሊሸጠው ሲከፍተው መስመሮቿን እንዳገኘ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ማጥፋት እንዳቃተው ነገራት።

«በሌላ ሰው ስም ተደብቀህ ስጠብቅ ዕድሜዬን ፈጀህብኝ!»

«ማን እንደሆንሽ አላውቅም ነበር። እሱን እንደምትጠብቂ ግን ገብቶኛል። እኔ ነኝ ካልኩ መስመሩ ይቆማል ብዬ ፈራሁ።»

«ፈሪ።»

«አዎ። እሱም ላይ አስምረሽበታል።»

ሳቅ አፏ ላይ ደረሰባት፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት። እሱ ማንበቢያውን ዘረጋላት። አካውንቱን ከፈለገች ራሷ ታጥፋው፤ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆመ። የመሣሪያው ስም ዛሬም «የዋሪስ» ይላል። ስሙን ብቻ አጥፍታ፣ ቦታውን ባዶ ትታ መለሰችለት።

«የራስህን ጻፍ። ከእንግዲህ በሰው ስም አታናግረኝ።»

ጻፈ። እሷ የተበላሸውን ማንበቢያዋን ባንኮኒው ላይ ጥላ፣ ሳትሰናበተው ሄደች። ሲጠገንም ራሷ አልመጣችም፤ ሰው ልካ አስመጣችው።

ከዚያ ማስመር ተወች። እሱ ያሰምራል፤ እሷ ታነባለች፤ ቁጣዋ ግን ገና አልበረደም ነበር። ረመዳን ሲጋመስ አንዲት መስመር ላከችለት። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረባትም፦ «በደጅ ከመቆም በሩን ማንኳኳት ይሻላል።»

ዱዓሌ ሽማግሌዎች ላከ፤ እነዚህን አልመለሰቻቸውም። ከረመዳን ቀጥሎ ባለው የሸዋል ወር፣ መጋላ ሰፈር በእናቷ ቤት፣ የሁለቱ ኒካ ታሰረ።