እህቴ የዳነችበት እንክብል

ቤተሰብ፣ ይሄ የሆነው እኛው ቤት ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ደስ ይበለው... እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ታናሽ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ቆዳዋን ትልጣለች። ጣቷን፣ ክንዷን... እስኪደማ ድረስ። «ልጣጭ» እያልኩ ነው የምጠራት።

ሁለታችንም የምንሠራው ወርቅ ቤት ነው። እኔ ፊት ቆሜ ቀለበቱን በጣቴ እያጠለቅኩ ለደንበኛ አሳያለሁ። እሷ ከኋላ ክፍል ተቀምጣ ወርቁን ትወለውላለች። ያንን እጅ ማን ማየት ይፈልጋል?

ኋላ ሐኪም እንክብል አዘዘላት። አሚኖ አሲድ ነው አሉ፣ የመላጥ አምሮቷን የሚያበርድ።

በሦስት ወሩ እጇ ጠራ። የሱቁ ባለቤት አያትና «ከሰኞ ጀምሮ ፊት አንቺ ቁሚ» አላት። እኔን ወደ ኋላ!

ቅናት አንጀቴን በላው፣ አልዋሽም። እሁድ ገላዋን ስትታጠብ እንክብሎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ መድኃኒቱን ደፋሁት። በምትኩ የስንዴ ዱቄት ሞላሁበት።

ከዚያ ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት... ሁለት...

ጭራሽ እጇ የሕፃን እጅ መሰለ።

እናታችን በስትሮክ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው። መናገርም መንቀሳቀስም አትችልም። ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ እሷን የማጠብ ተራው የእኔ ነበር። እጅጌዋን ስሰበስብ ክው አልኩ።

ክንዷ ተልጧል። ትናንሽ ክብ ክብ ቁስል... ልክ እህቴ ክንድ ላይ በነበረበት ቦታ።

ሱቅ ላለችው እህቴ ደወልኩላት።

«እማዬን ምን አደረግሻት?»

«እኔ? ትናንት ሳጥባት ደህና ነበረች! ዛሬ ከአንቺ ሌላ ማን አለ?»

ማንም የለም። በሩን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ።

ያኔ ከእማዬ ክርን በታች ቆዳዋ ትንሽ ብድግ አለ። የነካው የለም። ቀስ... ብሎ ተላጠ። እማዬ አፍጥጣ ታየኛለች፣ እንባዋ ይወርዳል።

«አሁን... ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ቀለበት እያሳየሁ» ሹክ አለች። «ደንበኛ አለ።»

«የምትውጪው ዱቄት ነው! መድኃኒቱን ደፍቼዋለሁ!»



«ታዲያ እንዴት ዳንኩ?»

ፋርማሲ ሮጬ አዲስ ገዛሁ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እህቴ ከሥራ ስትገባ እግሯ ሥር ተንበረከክኩ።

«ዋጪው፣ በእናትሽ! ያኔ እማዬን ይተዋት ይሆናል!»

«ከአንቺ እጅ?» ሳቀችብኝ። «ዕድሜ ልክሽን ልጣጭ ስትዪኝ ኖረሽ... አሁን ደግሞ ምን አዘጋጀሽልኝ? ቦታዬን ለመቀማት ነው አይደል?»

«ገንዘብ ውሰጂ፣ ራስሽ ሄደሽ ግዢ! ብቻ ክንዷን እዪው!»

አየችው። ብዙ ቆይታ አየችው... ከዚያ የራሷን ጣቶች ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋች። አንድም ጭረት የላቸውም።

«ተኝቶ የሚውል ሰው ቆዳው ይቆስላል» አለች ቀስ ብላ።

የእማዬን እጅጌ እስከ አንጓዋ ጎትታ ቆለፈችው። ግንባሯን ሳመቻትና እራት ልትሠራ ወጣች።

እኔ እንደተንበረከክኩ ቀረሁ።

እጅጌው ውስጥ የሆነ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ... ከክርኗ ወደ ትከሻዋ... ከትከሻዋ ወደ አንገቷ።